ውሃ የምትጠጣ ኮሮላ፦ የቴስታታ ጋስኬት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ማሂ ከአያት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መኪናዬ ኮሮላ 110 ናት፣ በፈረንጅ የ1998 ስሪት፣ 1.3 ሊትር 4ኢ ሞተር፣ ማንዋል። ውሃ ትጠጣለች። ቆማ ባደረችበት ቦታ አንድ ጠብታ አላይም፤ ራዲያተሩን ስከፍት ግን ሁሌም ጎድሎ አገኘዋለሁ። ጠዋት ስትነሳ ትንሽ ሚስ ታደርጋለች (ትንገጫገጫለች)፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ ትስተካከላለች። ሙቀቱ በደህና ቀን መሃል ላይ ነው የሚቆመው። ወደ እንጦጦ ስወጣ ወይም ትራፊክ ሲይዘኝ ግን ይወጣል።

ሁለት ጋራዥ አሳየሁ። አንዱ ኮፈኑን በቅጡ እንኳ ሳያይ «ጋስኬት ነው፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ። ሌላው «ይቺ ሞተር አበቃላት፣ ሌላ ሞተር ይግባላት» አለ። ማንን ልመን? መኪናዋን መሸጥ አልፈልግም፤ ብሸጣትም በዚህ ዘመን ሌላ አልገዛም።

ቢኒ ፈጣኑ፦

ሁለት እንቁላል ነጭ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምሪና ንጂ። አጎቴ በላዳው ዘመን እንደዛ ነበር የሚያደርገው 😂

አሮጌው መካኒክ፦

ቢኒ፣ አጎትህ የራዲያተር ቀዳዳ ነው በእንቁላል የደፈነው። የቴስታታ ጋስኬት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሞተሩ አካል (በብሎኩ) እና ከላይ በሚከድነው ቴስታታ መካከል ያለው ማሸጊያ ነው። እዚያ ጋ ነዳጅ የሚፈነዳበት ግፊት አለ፣ እንቁላል አያቆመውም። የሚደፍነው የሂተሩን ቀጫጭን ቱቦ ነው።

እህቴ ማሂ፣ ማንም ሳይለካ ቴስታታ እንዲያወርድብሽ አትፍቀጂ። የዘረዘርሻቸው ምልክቶች ወደ ጋስኬት ያደላሉ። ማድላት ግን ማረጋገጫ አይደለም። ተከፍቶ ጋስኬቱ ጤነኛ ሆኖ ቢገኝ ያወጣሽውን ብር ማንም አይመልስልሽም።

የጠፋው ውሃ የሄደበት መንገድ አለ። አንደኛ፣ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። «ጠብታ የለም» ማለት ፍሳሽ የለም ማለት አይደለም። ትንሽ ፍሳሽ የጋለ ብረት ላይ ወድቆ መሬት ሳይደርስ ይተናል። የውሃ ፓምፑ ሥር ነጭ ወይም ዝገት የመሰለ የደረቀ መስመር ካለ እሱን ጠርጥሪ። ከፊት ወንበር በታች ምንጣፉ ከረጠበ ደግሞ የሂተሩ ራዲያተር ነው። ሁለተኛ፣ ዘይት ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ እዪ፤ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ መኪናዋን አታስነሺ፣ በዚያ ዘይት ብትነጃት ሞተሩ ይነክሳል። ልብ በይ፣ የዘይት ክዳኑ ሥር ብቻ ትንሽ ቢጫ ክሬም ካየሽ አትደንግጪ። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ለሚነዳ ሰው ከአየሩ እርጥበት ይመጣል። ሦስተኛው መንገድ ነዳጅ የሚነድበት ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ በማርሚታ መውጣት ነው። የአንቺ የጠዋት ሚስና ነጭ ጭስ እዚህ ጋ ይመድብሻል።

ቤት ውስጥ የምታደርጊው ይሄ ነው። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቺ። ሲግል በፍጹም እንዳትከፍቺ፣ ፊትሽን ያቃጥልሻል። ውሃ ሙይና አስነሺ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ ታምቆ የነበረ አየር ነው፣ ያልፋል። አረፋው ካላቆመና ነዳጅ ስትሰጫት ከጨመረ ግን የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከዚያ ሌላ ቀን ክዳኑን ዘግተሽ አስነሺና በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥ አድርጊ። ውሃው ገና ሳይሞቅ ቱቦው ጠንክሮ ከተወጠረ ያው ነገር ነው።

አራቱንም ካንዴላ (እሳት የሚሰጡትን ሻማዎች) አስወልቂ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ እንደታጠበ ነጥቶ ከወጣ፣ ውሃው በዚያ ሲሊንደር ነው የሚያልፈው። ከዚያ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ የሚይዘው ግፊት) ይለካልሽ። ውጤቱን እዚህ ጻፊ።

የሰሚት ልጅ፦

ያገለገለ ሞተር ገዝታ ብትገላገል አይሻልም? ጓደኛዬ ያንን አድርጎ ተመችቶታል።

አሮጌው መካኒክ፦

ይሻል ነበር፣ የምትገዛው ሞተር ታሪኩ ቢታወቅ። ያገለገለ ሞተር መሬት ላይ ተቀምጦ ሲሸጥ ጋስኬቱ ጤነኛ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ? ሳይነሳ አይታወቅም። ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን አሮጌ መኪና ሁሉም ሰው ይዞ ሊቀጥል ነው። ሊጠገን የሚችል ሞተር አይጣልም። የእሷ ሞተር ብሎኩ ብረት ነው፣ ከላይ ያለው ቴስታታ አሉሚኒየም። ሲግል መጀመሪያ የሚጎዳው ላይኛው ነው፤ ብሎኩ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል።

የበረሃው ሹፌር፦

እኔ ሚኒባስ ነው የምነዳው፣ ናፍጣ። አዲስ አበባ ባሕር ዳር መስመር ነኝ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስትወርድ ሞተርህ ያርፋል፣ አየሩ ግን ይጋግርሃል። ድልድዩን ተሻግረህ ወደ ደጀን ሽቅብ ስትወጣ ነው የቴስታታ ፈተና። ደካማ ጋስኬት እዚያ ነው የሚታወቀው። በየመታጠፊያው ኮፈን ከፍቶ የቆመ መኪና አታጣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውሃ ሲፈላበት ነው። ወዲያው ቆሞ ሞተር ያጠፋና ቀዝቃዛ ውሃ በጄሪካን ይደፋበታል። የጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህ ይሰነጠቃል ወይ ይጣመማል። እኔ ጌጁ (የሙቀት መለኪያው) ሲወጣ ኤሲ አጠፋለሁ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ እከፍታለሁ፣ ማርሽ ቀንሼ ነዳጅ አቀላለሁ። ተሳፋሪ ይጮሃል፣ ይጩህ። ካልወረደ ዳር ይዤ አጠፋለሁ፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ። ውሃ የምጨምረው ክዳኑን በእጄ መንካት ስችል ነው።

አንድ ሌላ ነገር፣ ጌጁን ብቻ አትመኑ። ውሃው በጣም ጎድሎ ከሆነ የሙቀት መለኪያው እንፋሎት ውስጥ ይቀርና ዝቅ ብሎ ያሳይሃል፤ ሞተሩ ግን እየነደደ ነው። ጌጅ ድንገት ወርዶ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከሰጠህ ቁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ፦

ሰላም ከሜሪላንድ። እዚህ ጋራዥ ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉትን ሁሉ እደግፋለሁ፣ ትንሽ ልጨምር።

ማሂ፣ ኮምፕሬሽን ደህና ቢሆን «ጋስኬት አይደለም» ብለሽ አትደምድሚ። ትንሽ ቀዳዳ ከሆነ የኮምፕሬሽን መለኪያው ላይ አይታይም። የሚሻለው በካንዴላው ቀዳዳ በኮምፕሬሰር አየር መስጠትና ራዲያተሩን ማየት ነው። በየሲሊንደሩ፣ ቫልቮቹ በተዘጉበት ቦታ ላይ ይደረጋል። አየር ስትሰጪው ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ያወጣው ሲሊንደር ተገኘ ማለት ነው። ኮምፕሬሰር የሌለው ጎሚስታ የለም፤ የሚያስፈልገው ማያያዣው ብቻ ነው።

እዚህ ደግሞ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ አለ። የራዲያተሩ አፍ ላይ ይቀመጣል፣ ከውሃው የሚወጣውን አየር ይስባል። የሲሊንደር ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ርካሽ ነው። አዲስ አበባ ካላገኛችሁት ከዱባይ ለሚመጣ ሰው ማስያዝ ይቻላል።

ሁሉም ሞተር በአንድ መንገድ አያፈስም። እዚህ በጋስኬት ስሙ የተነሳው የሱባሩ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። በፈረንጅ ከ1999 ወዲህ ያሉት ብዙዎቹ ወደ ሲሊንደር ሳይሆን ወደ ውጭ ነው የሚያፈሱት፣ ከሥር በኩል። አረፋም ነጭ ጭስም ላታይ ትችላለህ፣ የምታየው የኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ሽታና እርጥብ ብረት ነው። ስለዚህ ዩትዩብ ላይ የሌላ መኪና ቪዲዮ አይታችሁ የራሳችሁን አትፍረዱ።

እዚህ የእጅ ዋጋ ውድ ስለሆነ የዚህን ዕድሜ መኪና ጋስኬት የሚያስቀይር ጥቂት ነው፤ ለቁርጥራጭ ይሸጡታል። እዚያ ግን ሒሳቡ ተገልብጧል፣ መጠገን ያዋጣል።

ማሂ ከአያት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን። ያሉኝን አደረግኩ። አረፋው አላቆመም፣ ነዳጅ ስሰጣት ይጨምራል። ቱቦው ገና ቀዝቃዛ እያለ ይወጠራል። ዘይቱ ንጹህ ነው። ካንዴላ ሲወለቅ ሦስተኛው ነጭ ሆኖ ወጣ። ኮምፕሬሽኑ አራቱም ላይ ተቀራራቢ ነው፤ ለኪው ግን «ሁሉም ከፋብሪካው መጽሐፍ በታች ነው፣ ሞተሩ ደክሟል» አለኝ። እንደገና ፈራሁ።

አሮጌው መካኒክ፦

አትፍሪ። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ጤነኛ ሞተር እዚህ ሲለካ ከመጽሐፉ ቁጥር በሩብ ገደማ ዝቅ ይላል። ስንት ሰው በዚህ ተታሎ ፒስቶን ቀለበት አስቀይሯል! የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያንቺ ከተቀራረበ ደህና ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እንዳለው ቀዳዳው ትንሽ ነው፣ ሦስተኛው ጋ።

አሁን ጋስኬቱ ተረጋግጧል። ግን ጋስኬት ዝም ብሎ አይቃጠልም። አሉሚኒየም ሲግል ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። በጣም ከጋለ መካከል ላይ ያለውን ጋስኬት ጨፍልቆት ይመለሳል፣ ራሱም ይጣመማል። ለምን ጋለች? ይሄን ሳታገኚ ጋስኬት ብትቀይሪ አዲሱም ይሄዳል። እስቲ ፋኑ መቼ እንደሚነሳ እዪ፣ የራዲያተሩን ክዳንም በደንብ ተመልከቺው።

ማሂ ከአያት፦

ፋኑ በራሱ አይነሳም! የቀድሞው ባለቤት ዳሽቦርዱ ሥር ማብሪያ አስገጥሞለታል፣ ሲሞቅ በእጅ የሚበራ። እኔ የመብራት መስሎኝ ነክቼው አላውቅም። የክዳኑ ጎማ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ክዳን ያን ያህል ቁም ነገር ነው እንዴ?

አሮጌው መካኒክ፦

ክዳን የምትይው ነገር አዲስ አበባ ላይ ከማንኛውም ቦታ የበለጠ ቁም ነገር ነው። እዚህ ከተማ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተርሽ በጤናው የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ተጽፏል፣ እሱ የግፊቱ መጠን ነው። ጤነኛ 0.9 ክዳን የመፍያውን ሙቀት ወደ 115 ዲግሪ ይገፋዋል። ጎማው ከተሰነጠቀ ግን ክፍት ድስት ነው ያለሽ። ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ይፈላል፣ ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው ይወጣል፣ አልመለስ ይላል፣ ይጎድላል። ከዚያ የፋኑ ታሪክ ሲጨመርበት ጋስኬቱ እስከ ዛሬ መቆየቱም ይገርማል።

ክዳን ስትገዢ የድሮው ላይ ያለውን ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። «ከፍ ያለው ይሻላል» የሚልሽን አትስሚ፤ አሮጌ ራዲያተርና አሮጌ ቱቦ ትርፍ ግፊት አይችልም።

ድሬ ነኝ፦

ጋሼ፣ እኛ ድሬዳዋ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን) አውጥቶ መጣል። ውሃው እንደ ልቡ ይዞራል፣ ሞተር አይግልም። እኔ ስንት ዓመት በዚህ ነው የምነዳው።

አሮጌው መካኒክ፦

ይሄን ምክር ሁሉም ጋራዥ ይሰጠዋል፣ እኔ አልወደውም። ቴርሞስታት ከሌለ ሞተሩ ጠዋት ለመሞቅ ብዙ ይቆያል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ውሃው ቀዝቃዛ ነው ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱን ያቀጥነዋል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲሞቅ በታችኛው ፊቱ ሌላ አጭር መንገድ ይዘጋል። እሱን ካወጣኸው ያ መንገድ ክፍት ይቀርና ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ወደ ሞተር ይመለሳል። ለማቀዝቀዝ ብለህ ታሞቀዋለህ።

ድሬ ነኝ፦

የእኔ አልሞቀም። በመጽሐፍና በድሬ ፀሐይ መካከል ልዩነት አለ ጋሼ 😄

የሰሚት ልጅ፦

ከቴርሞስታት ክርክር በፊት፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ማሸጊያስ? ሱቅ ሁሉ አለው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ጋራዥ፦

አንዳንዱ ይሠራል፣ ለጊዜው። ለመጠገን የማይታሰብ መኪና ከሆነና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ጥቂት ወር ሊገፋ ይችላል። ግን የሂተርና የራዲያተር ቱቦ ያጠባል፣ ከዚያ ሞተሩ በሌላ ምክንያት ይግላል። መኪናዋን ይዛ ልትቆይ ላሰበች ሰው አልመክርም። አፍሳሽ መኪና በዚህ ሸፍኖ መሸጥም ያው ማታለል ነው። አሮጌ መኪና የምትገዙ ሰዎች፣ የራዲያተሩን አፍ በጣታችሁ ጠርጉ። ብልጭልጭ ወይም ቡናማ ደለል ከያዘ ጠይቁ።

ማሂ ከአያት፦

ወሰንኩ፣ ይከፈት። ጋራዡን ምን ብዬ ልቆጣጠረው? ለሴት ልጅ ደግሞ እንደፈለጉ ነው የሚነግሩን።

አሮጌው መካኒክ፦

ጥያቄ ከጠየቅሽ እንደፈለጉ አይነግሩሽም። ይሄን ያዢ።

ሞተሩ በደንብ ሳይቀዘቅዝ ብሎን እንዳይፈታ። ሲፈታ ከዳር ወደ መሃል፣ ሲታሰር ከመሃል ወደ ዳር፣ በደረጃ። በአንዴ የሚያጠብቅ ሰው ካየሽ አስቁሚው። ቶርክ ሬንች (ብሎን የሚታሰርበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) መኖሩን መጀመሪያ ጠይቂ። «በእጄ አውቀዋለሁ» ካለ ሌላ ጋራዥ ሂጂ፤ ለዚህ ሥራ የማንም እጅ አያውቅም።

ቴስታታው ሲወርድ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። እዚያ መጀመሪያ ስንጥቅ ይታይ፣ በተለይ በቫልቮቹ መካከል፣ በግፊት ይፈተሽ። ከዚያ ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት ጣመናው ይለካ። በእንዲህ ዓይነት ትንንሽ ሞተሮች ላይ ወሰኑ 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ከፀጉር ያነሰ። በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም። ጣመና ካለ ይላጫል፣ ግን እስኪስተካከል ብቻ። ከዚህ በፊት የተላጨ ከሆነ ይጠየቅ፤ ብዙ ከተላጨ ኮምፕሬሽኑ ይጨምራል፣ መኪናዋ ነዳጅ ስትሰጫት መንኳኳት ትጀምራለች።

የብሎኩን ፊት በሸራ ወረቀት ዲስክ በድሪል እንዳይፈጉት። ዱቄቱ ዘይት መንገድ ገብቶ ኩሽኔታ ይበላል። የቆየውን ጋስኬት በእጅ፣ በቀስታ ነው የሚላጡት። የብሎን ጉድጓዶቹ ውስጥ ውሃና ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲገባ ፈሳሹ መሄጃ ያጣና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ በአየር ይነፉ። ጋስኬቱ ላይ ሲሊኮን አይቀባም። ሲሊኮን ይዞ የመጣን ሰው እኔ አላምነውም።

መለዋወጫ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ስትሄጂ የድሮውን ጋስኬት ይዘሽ ሂጂ፣ አስተያይተሽ ግዢ። የሞተሩን ቁጥርም ያዢ፤ 2ኢ፣ 4ኢ፣ 5ኢ እያሉ ያምታታሉ። ብሎኖቹ አንገታቸው ከቀጠነ ወይም ከተለጠጡ ይቀየሩ። እዚያው እያለ የታይሚንግ ቺንጋና የውሃ ፓምፑ ካረጁ አብረው ይቀየሩ፣ ለእነሱ ብቻ ድጋሚ እጅ ከመክፈል ይሻላል። ዋጋ አልጽፍልሽም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይቀየራል።

የበረሃው ሹፌር፦

የእኛ ናፍጣ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጋስኬቱ በውፍረት ይለያያል፣ በፊደል ምልክት ተደርጎበታል። ፒስቶኑ ከብሎኩ ምን ያህል እንደሚወጣ ተለክቶ ነው የሚመረጠው። አንድ መካኒክ ሳይለካ ቀጭኑን ገጥሞልኝ ሞተሩ ሲንኳኳ ከረመ።

ማሂ ከአያት፦

ዜና አለኝ። ተከፈተ። በሦስተኛው ሲሊንደርና በውሃ መንገዱ መካከል ጋስኬቱ ተበልቷል፣ ልክ እንዳላችሁት። ስንጥቅ የለም። ትንሽ ጣመና ነበረው፣ ተላጨ። ቶርክ ሬንች የሌለው የመጀመሪያው ጋራዥ ስለነበር ሌላ ቦታ ነው ያሠራሁት። ፋኑም አውቶማቲክ ሆኖ ተመለሰ፣ ሴንሰሩ ጤነኛ ነበር፣ የተቆረጠው ሽቦው ነው። አዲስ ክዳን ገዛሁ። አሁን ግን ሂተሩ አንዴ ይሞቃል አንዴ ይቀዘቅዛል፣ ጌጁም ይዘላል። እንደገና ሄደ ልበል?

አሮጌው መካኒክ፦

አየር ነው ውስጡ የቀረው። አፍንጫዋን ወደ ሽቅብ አድርገሽ አቁሚያት፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈቺ። ቀዝቅዛ እያለ ክዳኑን ከፍተሽ አስነሺ፣ እየሞላሽ ጠብቂ። የላይኛውንና የታችኛውን ቱቦ እየጨመቅሽ ልቀቂ፣ አየሩ ይወጣል። ውሃው መውጣት ሲጀምር ዝጊ። ፋኑ ተነስቶ እስኪጠፋ ድረስ ይሥራ። ነገ ጠዋት ደግሞ አዪው፣ ትንሽ ይጎድላል፣ ሙይው።

የቧንቧ ውሃ ብቻ እንዳትሞይ። ኩላንት ግዢ፣ እኩል በእኩል በተጣራ ውሃ በጥብጪው። አዲስ አበባ በረዶ የለም ብለው ይሳለቃሉ፤ ኩላንቱ የሚፈለገው ለዝገት ነው። አሉሚኒየምና ብረት በተራ ውሃ ውስጥ አብረው ሲቀመጡ ይበላላሉ። የሞተር ዘይቱንም አሁን ቀይሪ፣ ሲከፈት ውሃ ጠብ ማለቱ አይቀርም።

ማሂ ከአያት፦

አየሩ ወጣ መሰለኝ፣ ጌጁ ቀጥ ብሏል። እንጦጦ ወጥቼ መጣሁ፣ መሃል ላይ ናት። ጋሼ፣ የተጣራ ውሃ ሱቅ ውስጥ ለባትሪ የሚሸጠው ነው?

አሮጌው መካኒክ፦

እሱ ነው፣ ግን ጽሑፉን አንብቢ። አንዳንድ ሱቅ አሲዱን አጠገቡ ነው የሚደረድረው፣ ጠርሙሱ ይመሳሰላል።